ማግኔት ፍለጋ በሐዋሳ

አክስቴ ከቨርጂኒያ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ዛሬስ ተነስቶ ታጠበ ወይ?" ነው። ታናሽ ወንድሜን ድባቴ ከያዘው ወዲህ ቤታችን ቀኑን የሚለካው በዚህ ነው። ጠበሉንም ክኒኑንም ጎን ለጎን ይዘናል። አንድ ምሽት ግን ሌላ ወሬ ይዛ ደወለች። "የሥራ ጓደኛዬ መድኃኒት እምቢ ሲላት ጭንቅላቷን በማግኔት አክመው አዳኗት። እዚያ ሐዋሳም እስቲ ጠይቅ፣ የኔ ልጅ።"

ጠየቅኩ። መጀመሪያ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ አንድ ሱቅ ላኩኝ። ባለሱቁ ከመስታወቱ ሥር የማግኔት አምባርና ክብ ክብ ማግኔት የተሰፋበት የራስ ማሰሪያ አወጣ። ማሰሪያውን ብረት መቀስ ላይ አጣብቆ ካሳየኝ በኋላ፣ "ጋሼ፣ ይቺን አስሮ ይተኛ፤ ክኒኑን ግን ያቁም፣ አብሮ አይሄድም" አለኝ። ደሜ ፈላ። ወንድሜ የሚውጠው ፍሉኦክሴቲን ነው፤ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል፤ ያለ ሐኪም ምክር ቢቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። እንዲህ ያለ ምክር ሰው ይገድላል።

ቀጥሎ ደግሞ "ማግኔቱ ያለው ራጅ ቤት ነው" አሉኝና ወንድሜን በባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ተራ ስንጠብቅ የጋቢውን ጥለት በጣቱ ሲፈታ ዋለ። ባለሙያዋ በትሕትና አስረዳችን፦ ያለው ኤምአርአይ ነው፤ የጭንቅላትን ውስጥ ያነሳል እንጂ ድባቴ አያክምም።

ነገሩን አጥብቄ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቁልፉ ያለው ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ነገር ላይ ነው፦ ዝም ብሎ የተቀመጠ ማግኔት በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ አያስነሳም፤ የሚያስነሳው ሲለዋወጥ ነው። የባለሱቁ ማሰሪያ ቀኑን ሙሉ ግንባር ላይ ቢውል ለዚህ ነው የማይረባው። በ1985 አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዟ ሼፊልድ የተጠመጠመ ሽቦ ከአንድ ሰው ራስ ቅል በላይ ይዘው፣ ከሰከንድ አንድ ሺኛ በማይሞላ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ኃይለኛ የማግኔት ምት ሲለቁበት የሰውየው እጅ ተንቀሳቀሰ። ይኸው ዘዴ ለድባቴ ሕክምና ሲውል ሽቦው ከግራ ግንባር በላይ ይደረጋል፤ ምቱ ከራስ ቅል ሥር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ዘልቆ፣ የዛለውን የአንጎል ክፍል ደጋግሞ ይቀሰቅሳል። አሜሪካ በ2008 ፈቅዳዋለች። ሁሉንም አያድንም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ላለበት ሰውም አይሆንም።

እኛ ዘንድ "ጭንቅላት" እና "ኤሌክትሪክ" አንድ ላይ ከተጠሩ ሰው የሚያስበው አማኑኤል ሆስፒታልንና ሾክን ነው። ይሄ ግን ሌላ ነው። ሾኩ በማደንዘዣ ተኝተው የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ እንዲመጣ የሚደረግበት ሕክምና ሲሆን፣ የማግኔቱ ታካሚ ግን ወንበር ላይ ነቅቶ ተቀምጦ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሲጨርስ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የማግኔት ሕክምናው ማሽን ሐዋሳ እንዲገባ ከልቤ እመኛለሁ። ግን ሕክምናው በሳምንት 5 ቀን፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ከበንሳ ወይም ከአለታ ወንዶ የሚመጣ ገበሬ ይህን ሁሉ ጊዜ የት ያድራል? ማሽን የሚገዛ አካል አልጋና መመላለሻም አብሮ ያስብ።

ወንድሜን ወደ አእምሮ ሐኪሙ መለስኩት። ሐኪሙ እኔን ትቶ እሱኑ ጠየቀው፣ የክኒኑን መጠን ጨመረለት፣ ከምክር ባለሙያም ጋር አገናኘው። አክስቴም ለማግኔት ያሰበችውን ገንዘብ ለመድኃኒትና ለመመላለሻ እንድትልክ ነግሬያታለሁ፤ ቀጠሯችን ሰኞ ጠዋት ነው።