የሙጫ ቅሪት በፎገራ፦ ለዘርፉ መግቢያ

ስለ ፎገራ ሜዳ የሚጻፈው ሁሉ በሦስት ይጠቃለላል፦ ሩዝ፣ ከብትና ጎርፍ። ለሩዙ ወረታ ላይ ብሔራዊ የምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሞለታል። የፎገራ ላም በወተቷ አገር ያውቃታል። የርብና የጉማራ ወንዞችም ክረምት በገባ ቁጥር ዜና ናቸው። ከአሮጌ ሬዲዮ ጀርባ ላይ የቀረው የስቲከር ሙጫ ግን እስከ ዛሬ አጥኚ አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት ይደፍናል።

ቅሪቱ የሚፈጠረው በቸልተኝነት አይደለም፤ በጥብቅ ሥርዓት ነው። ዕቃ ተገዝቶ ቤት ሲገባ ስቲከሩ አይላጥም፤ የተላጠ ዕቃ አሮጌ ነዋ። ሪሞቱ ከላስቲኩ አይወጣም፣ ቴሌቪዥኑም ዳንቴል ይለብሳል። ከዓመታት በኋላ ወረቀቱ በራሱ ጊዜ ይነሣል፣ ሙጫው ይቀራል። በዚህ ረገድ «ኪው ሲ ፓስድ» የምትለው ሞላላ ስቲከር የተለየ ክብር ይገባታል። ቴፑ ካሴት መብላት ጀምሮ፣ አንቴናው ተሰብሮ፣ ድምፁ ጎርንኖ እንኳ እሷ ንቅንቅ አትልም። ፋብሪካው ጥራቱን ያረጋገጠው የማንን እንደነበር አንባቢ ይፍረድ።

አሜሪካዊው ስታንተን ኤቨሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ተልጦ የሚለጠፍ ስቲከር ለገበያ ሲያቀርብ የሙጫው ጥበብ አለመድረቁ ነበር። የማይደርቅ ሙጫ ደግሞ እንግዳ አይመርጥም፦ በበጋ የዋልካውን አቧራ፣ ከመፈልፈያው በኩል የሩዙን ብናኝ፣ ከጓዳ የቁሌቱን ጢስ በየተራ ያስተናግዳል። ጠቁሮ ሲያበቃ ቆሻሻ ይባላል፤ ደለል ቢባል ይሻል ነበር።

ስለ አወጋገዱ ሊቃውንት አልተስማሙም። የጥፍር ወገን ጥንታዊ ነው፤ ውጤቱም በጥፍር ውስጥ ይቀራል። የነጭ ጋዝ ወገን በኬሚስትሪ በኩል ትክክል ነው፤ ሙጫው ለውሃ ባይበገርም ቅባትነት ላለው ነገር ይለሰልሳል። ነክሮ፣ ጥቂት ታግሦ በጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ሬዲዮው ግን ሰንብቶም ኩራዝ ኩራዝ ይሸታል። በኑግ ዘይት የሚሠሩት በመርሕ ከእነሱ አይለዩም፤ የሚለያቸው የዘይት ዋጋ ነው። የአሴቶን ወገን ከጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይነሣል፦ ሙጫው ይሟሟል፣ ፕላስቲኩም አብሮ ይሟሟል። ደጋፊዎቹ ሙጫው መልቀቁን ብቻ ጠቅሰው ያልፋሉ።

ለአካባቢው የሚቀርበው የአመድ ወገን ነው። የሩዝ ገለፈት ሲቃጠል አመዱ በአብዛኛው ሲሊካ ነው፤ ያው የአሸዋና የመስታወት ዘመድ። ለድስት ቂጥ ግሩም ነው። ፕላስቲክ ላይ ሲሆን ግን ሙጫውን ከነአንጸባራቂው ገጽ ፍቆ ያወርደዋል፣ በምትኩ ጭረት ይተካል። ፎገራ በዚህ ግብዓት ራሷን ችላለች።

ዋናው ችግር የሚመጣው ካጸዱ በኋላ ነው። የድሮ ፕላስቲክ ብርሃን ሲመታው ይበልዛል፤ ስቲከር የሸፈነው ቦታ ግን እንደ ነጣ ይቆያል። ስለዚህ ሙጫው ሲለቅ በቢጫው ሬዲዮ መሐል ነጭ አራት ማዕዘን ብቅ ይላል፣ ዕቃውም ከመጽዳቱ በፊት ከነበረው ይብስበታል። ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት የበለዘውን ይመልሳል። ፀሐዩ ሞልቷል፤ ጠንከር ያለው ፔሮክሳይድ ግን ጸጉር ቤት ስለሚገኝ የሬዲዮው ባለቤት ለሹሩባ ከመጡት ጋር ወረፋ መያዝ ግድ ይለዋል።

ይህን ለማይደፍር የተሻለው መፍትሔ በነጩ ቦታ ላይ ልክክ የሚል የአርሰናል ስቲከር መለጠፍ ነው። የማንቸስተር ወገን ተቃውሞውን እስካሁን በጽሑፍ አላቀረበም።