ከነሕይወቱ ለተቀበረው ኢንቦክስ የተነበበ የሕይወት ታሪክ

ውድ ለቀስተኞች፤ ከቢቸናም፣ ከደብረ ወርቅም፣ ከሞጣም ድረስ የመጣችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልን። የእድሩ ዳኛ «አጠር አድርገህ አንብብ፣ ሰዉ ገበያ አለበት» ብለውኛል። ሟች በሕይወት ሳለ ማጠር የማያውቅ ስለነበር ቃላቸውን ለመጠበቅ ይቸግረኛል።

ሟች ኢንቦክስ በ1990 ዓ.ም. መስከረም ወር በአሜሪካ አገር፣ ማይክሮሶፍት ከተባለ ባለጸጋ ቤት ተወለደ። እናቱ አውትሉክ ኤክስፕረስ ትባላለች። ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4 ጋር አብራ የወጣች፣ ዋጋ የማትጠይቅ፣ ዊንዶውስ በተጫነበት ቤት ሁሉ ሳትጠራ የምትገኝ የኢሜይል ፕሮግራም ነበረች። ዘመድ ለሚቆጥር ሰው፣ የአገራችን ኢንተርኔት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል የተጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ስለሆነ ለሟች የስምንት ወር ያህል ታላቁ ነው። ታላቅነቱን ያሳየው ግን በእርጋታው ነው እንጂ በፍጥነቱ አይደለም።

ስለ አስተዳደጉ ትንሽ ልበል፤ ዛሬ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የሚያነብ ወጣት ያን ጊዜ አያውቀውምና። ያኔ ኢንተርኔት የሚመጣው በስልክ መስመር ነው። ሞደሙ እየጮኸ ይደውላል፣ ሂሳቡ በደቂቃ ይቆጠራል፣ መስመሩ እስኪዘጋ ድረስ ወደ ቢሯችን የሚደውል ሁሉ «ተይዟል» ይባላል። ስለዚህ ብልህ ሰው መስመር ከፍቶ ደብዳቤ አያነብም። ይደውላል፣ የመጣለትን ያወርዳል፣ ይዘጋል፤ ከዚያ ሻዩን ይዞ ዘና ብሎ ያነባል። መልሱንም እንዲሁ ጽፎ ያቆይና በሚቀጥለው ጥሪ አንድ ላይ ይልከዋል። ሟች ለዚህ ኑሮ የተፈጠረ ነበር። መስመር ኖረም አልኖረም፣ መብራት ካለ የካቻምናውን ደብዳቤ ሳያጉረመርም ያቀርባል። ዛሬ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጠው እኛ ነን ሠለጠን የምንባለው።

ደግነቱ ግን ዋጋ ነበረው። ደብዳቤ የሚወርድበት ሥርዓት፣ ፖፕ ሦስት የሚሉት፣ ካልተነገረው በቀር ያወረደውን ከሰርቨሩ ላይ ይሰርዘዋል። «ቅጂው ሰርቨሩ ላይ ይቆይ» የምትል ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሳጥን ነበረች፤ ማንም ምልክት አላደረገባትም። እንግዲህ ቢሮው ለዓመታት የደረሰው ደብዳቤ ሁሉ የተቀመጠው ቢቸና፣ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሥር፣ እግር በሚያርፍበት አንድ አቧራማ ሲፒዩ ውስጥ ነበር።

ሟች ወፍራም ነበር። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ያወፈርነው እኛው ነን። በአገራችን ኢሜይል ብቻውን ደብዳቤ አይባልም። ደብዳቤ ማለት ቁጥር የወጣለት፣ የተፈረመበት፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ነው። ስለዚህ በኮምፒውተር የተጻፈው ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ስካን ይደረጋል፣ ከዚያ «ከዚህ ጋር ተያይዞ ቀርቧል» ከሚል የአንድ መስመር ኢሜይል ጋር ተመልሶ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። አባሪ በኢሜይል ሲጓዝ ወደ ተራ ፊደልና ቁጥር ስለሚመነዘር በሲሶ ያህል ያብጣል። ያበጠው ሁሉ የሚከማቸው በአንዲት ፋይል፣ ኢንቦክስ ነጥብ ዲቢኤክስ በምትባለው ውስጥ ነው፤ የእሷም የመጨረሻ ልክ 2 ጊጋባይት ነው። ደብዳቤ ቢሰረዝ እንኳ ፋይሉ አይቀንስም፤ የተሰረዘው የነበረበት ቦታ ባዶውን ይቀመጣል።

ውስጡ ምን ነበረ? አብዛኛው የስብሰባ ጥሪ ነው፤ ከዚያም ብዙው ስብሰባው ካለፈ በኋላ የወረደ። «ሪፖርታችሁ አልደረሰንም» የሚል ነበረ፤ «ልከናል» ብለን ስንመልስ «በድጋሚ ይላክልን» የሚል ይከተላል። ሳንቆርጥ የደረሰን የውጭ አገር ሎተሪ ብሥራት ነበረ። ለአሥር ሰው ያላስተላለፈ መቅሠፍት ይወርድበታል የሚል ማስጠንቀቂያም ነበረ፤ ሟች ካለፈ ወዲህ «ያኔ አስተላልፌው በነበር» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። አማርኛውማ ለብቻው ይለቀስለታል። የግዕዝ ፊደል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ቢሮ ሁሉ ፓወር ግዕዙንና ቪዥዋል ግዕዙን እንደያዘ ለዓመታት ቆይቷል። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ የአለቃ ጥብቅ ማሳሰቢያ የላቲን ፊደልና የቅንፍ ትርምስ ሆኖ ይታያል። ጸሐፊዋ ወደ ሞጣ ቢሮ ደውላ «ምን ብላችሁ ነው?» ትላለች። ሞጣ በስልክ ያነቡላታል፤ እሷ በእጇ ትጽፋለች። ኢሜይሉ ደረሰ የሚባለው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ ልምጣ። የዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛው ሰርቪስ ፓክ ከመጣ ወዲህ፣ ፕሮግራሙ መቶ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ በደብዳቤዎቹ መካከል የተጠራቀመውን ባዶ ቦታ ላስወግደው ወይ? ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሥሩ እሺ የሚባልበት ቁልፍ አለ። በቢሯችን ማሽን የጠየቀው ሁሉ እሺ ይባላል፤ እንቢ ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ስለማይታወቅ። ሟች እየተጠበበ ሳለ መብራት ሄደ። ዩፒኤስ አልነበረውም እንዳልል ነበረው፤ ባትሪው ከሞተ ወዲህ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ነው የሚያገለግለው።

መብራት ሲመለስ አውትሉክ ኤክስፕረስ ተከፈተች። ኢንቦክስ የሚለው ስም በቦታው አለ። ውስጡ አንድ ደብዳቤ ብቻ፦ ከራሱ ከፕሮግራሙ፣ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል።

ጩኸቱ የተነሣው በዚያች ደቂቃ ነው። አለቃ ወጡ፣ ሒሳብ ክፍል ወጣ፣ ጥበቃው ሳይቀር ዱላውን ይዞ ገባ። እኔ ግን ዛሬ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት የምናገረው አንድ ነገር አለኝ፦ ሟች በዚያች ሰዓት አልሞተም ነበር።

የሞጣ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ይረዱኛል። ጎጃምን ከጎንደር በሚያገናኘው የዓባይ መሻገሪያ ሰባራ ድልድይ አለላችሁ፤ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት። በጣሊያን ጦርነት ጊዜ መሐሉ ከተቆረጠ ወዲህ፣ በዚህና በዚያ ወገን የቆሙ ጎበዞች በገመድ እየጎተቱ ሰውን ከነሸክሙ ለአሥርት ዓመታት አሻግረዋል። ድልድዩ አልጠፋም፤ ግራው ቆሞ፣ ቀኙ ቆሞ፣ የጎደለው መሐሉ ነበር። ኢንቦክስም እንዲሁ ነበር። አውትሉክ ኤክስፕረስ ፎልደሮቿን የምታውቃቸው ፎልደርስ ነጥብ ዲቢኤክስ በምትባል ማውጫ ነው። ማውጫዋ ስትበላሽ ፕሮግራሙ አዲስ ማውጫ ሠርቶ ሁሉን እንዳዲስ ሊጀምር ይችላል፤ አሮጌዎቹ ፋይሎች ግን ዲስኩ ላይ ተጋድመው ሊገኙ ይችላሉ። በዚያ ላይ ሁለተኛው ሰርቪስ ፓክ ያለበት ማሽን፣ ፎልደር በሚያጠብበት ጊዜ የቀድሞውን ፋይል ቅጂ ባክ የሚል ቅጥያ ሰጥቶ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ያስቀምጣል። ሟችን ከቆሻሻ ቅርጫቱ አንሥቶ፣ ቅጥያውን መልሶ ዲቢኤክስ ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር ይሆናል።

ገመዱ ይኸው ነበር። ፕሮግራሙን መዝጋት። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ፤ ምክንያቱም ማይክሮሶፍት የሰውን ደብዳቤ የሚያስቀምጠው ባለቤቱ በማያይበት ጓዳ ነው፦ በተጠቃሚው ስም ሥር፣ አፕሊኬሽን ዳታ ውስጥ፣ አይደንቲቲስ በሚለው ፎልደር፣ እዚያም ሰው ሊያነበው በማይችለው ረጅም ቁጥር ሥር። ሁሉንም ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ። ከዚያ ኢምፖርት ብሎ ቅጂው ያለበትን ቦታ ማሳየት። ወደ ሲዲ የገለበጠም ቢሆን ከሲዲው መልሶ ዲስክ ላይ ያሰፍርና «ሪድ ኦንሊ» የሚለውን ምልክት ያነሣል፤ ያንን ያላነሣ ሰው ፋይሉን ታቅፎ «መክፈት አልተቻለም» እየተባለ ይመለሳል። ስንቱ ጤነኛ ኢንቦክስ በዚህች ምልክት ብቻ እንደ ሬሳ ተቆጥሮ ተጥሏል!

እኛ ግን ገመድ አልፈለግንም፤ ባለሙያ ጠራን።

ባለሙያው ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም፤ ንፍሮውንም ይብላ። መጀመሪያ አንቲቫይረስ አስነሣ። አንቲቫይረሱ ከሺህ ደብዳቤ መካከል አንድ የታመመ አገኘና መላውን ፋይል አሰረው፤ ደብዳቤዎቹ ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሚኖሩ አንዱን ለይቶ ማሰር አይችልማ። ቀጥሎ «ማሽኑ እንዲቀለው» ብሎ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አደረገው። ባክ የተባለው ቅጂ በዚህች ቅንነት አለፈ። ከዚያ በአገራችን ለማናቸውም የኮምፒውተር ሕመም፣ ከፕሪንተር መጨናነቅ እስከ ሰዓት መዛባት ድረስ የሚታዘዘውን መድኃኒት አዘዘ፦ ፎርማት። ቀብሩ በዕለቱ ተፈጸመ። በእኛ ባህል ሬሳ አያድርም፤ ማሽን ግን ቢያድር ምን ነበረበት?

ከፎርማት በኋላም ቢሆን፣ በላዩ አዲስ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ከአሮጌው ብዙውን ማውጣት የሚችል ሰው ይገኝ ነበር። ባለሙያው ግን ለጋስ ነው፤ ሳይጠየቅ፣ ሳያስከፍል ዲስኩን በሕንድ ፊልምና በዘፈን ሞላልን። ሟች የተቀበረው ከዚያ ሁሉ ጭፈራ ሥር ነው።

እናቱም ረጅም ዕድሜ አላገኘችም። ቪስታ ሲመጣ ወንበሯን ዊንዶውስ ሜይል ለሚባል ሰጡት፤ ሰቨን ሲመጣ ያለ አንዳች የኢሜይል ፕሮግራም መጣ። ኤክስፒም መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ድጋፉ ተቋረጠ። ዛሬ የቢሮው ደብዳቤ በቴሌግራም ነው የሚመላለሰው፤ ማኅተሙ ፎቶ ይነሣል፣ ከእንኳን አደረሳችሁ ምስል ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል። ስለዚህ አዲስ ወራሽ ምንም አልልም፤ ገና ልጅ ነው።

ሟች ሁለት ቤተሰብ ትቷል። አንዷ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ናቸው። ኢሜይል ሁሉ ይታተም እያሉ፣ በስተው፣ በቦክስ ፋይል እያስቀመጡ ሲያስቸግሩን «ወረቀት ጨረሱ፣ ዘመኑ አልገባቸውም» ያላቸው ሰው እዚህ ብዙ ነው። ከቀብሩ ወዲህ የሎተሪው ብሥራት ሳይቀር ቁጥር ወጥቶለት መደርደሪያው ላይ ተገኝቷል። እባካችሁ የሚያልፍ ሰው ቆሞ በአክብሮት ሰላም ይበላቸው።

ሁለተኛው ቤተሰብ ሞጣ ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ደብዳቤ ከሞጣ የተላከ ከሆነ፣ እዚያ ማሽን ላይ «የተላኩ» በሚለው ፎልደር ውስጥ እስከ ዛሬ አለ፤ ያ ማሽን እስከ ዛሬ በኤክስፒ ነው የሚሠራው፤ ማንም አልነካውም። ደብዳቤዎቹን ከሞጣ እንዲያመጡ የተመረጡት ሁለት ሰዎች ፍላሽ ይዘው፣ አይደንቲቲስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ገልብጠው ይመለሱ። መብራት ሊሄድ ይችላልና ማሽኑ የሚጠይቃቸውን ማናቸውንም ጥያቄ እሺ እንዳይሉ። ሞጣዎችም ማሽኑ ቀርፋፋ ሆኗል ብለው ባለሙያችንን ቀጥረውታል፤ ቀጠሮው ለቅዳሜ ነው፣ እኛ አርብ መድረስ አለብን።