በሬን አምስት ቦታ ስለ መቆለፌ

በሬ አምስት ቁልፍ አለው። በሬ ስል የቤቴን በር ማለቴ ነው፤ ባለ ቀንዱ ቢሆንማ ራሱን በጠበቀ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኮንዶሚኒየም በር ነው። ግራና ቀኙ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ መካከሉ የማር እንጀራ የሚመስል ካርቶን። ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ ይመልሳል። ልጄ አንድ ቀን በእርሳስ ቢወጋው እርሳሱ ወዲያ ማዶ ብቅ አለ። ዕጣ ወጥቶልን ከገባን ጀምሮ አንድ አንድ እያለ አምስት የደረሰው የቁልፍ ቤተሰብ የሚኖረው እንግዲህ እዚህ በር ላይ ነው።

ዘመድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ቆሞ ይቆጥራል፣ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ከዚያ ሁሉም የሚናገረውን ይናገራል። «እንዴ! ይሄ እኮ በአንድ ርግጫ ይገባል። አምስት ቁልፍ ምን ሊሠራላችሁ ነው?» የባለቤቴ አጎት እንዲያውም የቁልፎቹ ዋጋ ቢደመር በሩን ሦስት ጊዜ እንደሚገዛ አስልተው ነግረውኛል። ስሌታቸው ልክ ነው። አልተቀየምኩም። ጥያቄው የሚነሣው ቁልፍ ለሌባ ነው ከሚል የቆየ ስሕተት ስለሆነ፣ በትዕግሥት ላስረዳ እወዳለሁ።

በ11 ዓመት ውስጥ ሌባ እኛ ቤት አንድ ጊዜም አልመጣም። እኔ ግን በቀን አራት ጊዜ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። በቀን አራት ጊዜ የሚጠቀምበትን ሰው ትቶ፣ ዝር ብሎ ለማያውቅ እንግዳ ብሎ ዕቃ የሚገዛ ማነው? እሱ ሲመጣ ምን ዓይነት ቁልፍ ቢያገኝ ይከፋዋል እያልን ሱቅ ለሱቅ መዞራችን ለሌባ ያለንን አክብሮት እንጂ ሌላ ምንም አያሳይም። ቁልፍ የሚመረጠው ለሚቆለፍበት ሰው ነው። የሚቆለፍበት ደግሞ፣ ወደ ኋላ እንደምታዩት፣ ባለቤቱ ነው።

አባቶቻችን ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። ደጅ ተራ ነገር ቢሆን ኖሮ ከራስ በታች ያለውን ትልቅ ማዕረግ «የደጅ አዝማች» ብለው አይጠሩትም ነበር። እልፍኝ አስከልካይ የሚባለው ሹም ሥራው ስሙ ላይ ተጽፎለታል፤ ቅጥር ደብዳቤ አያስፈልገውም። አጋፋሪም ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ሹመት ለሌባ የተሰጠ አይደለም። እልፍኝ አስከልካዩ የሚያስቆመው ስሙ የታወቀ፣ ዘመዱ የታወቀ፣ ሙክት አስጎትቶ የመጣ ባለጉዳይ ነው። ያ ሰው ነው ወራት ሙሉ ደጅ የሚጠናው። የጌታው ክብር የሚለካውም ውጭ በቆመው ሰው ብዛት ነበር። እኔ ደጃዝማች ለመሾም አቅሙ የለኝም፤ ስለዚህ ቁልፍ ሾምኩ።

ከሁሉም ጉዳዩን ከሥሩ የተረዱት ግን ሐረሮች ናቸው። የጀጎል ግንብ ጥንታዊ በሮች አምስት ናቸው፤ ድሮ ሌሊት ሌሊት ይዘጉ ነበር። በዚያው ግንብ ላይ ደግሞ ለጅብ ማለፊያ ተብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ። ሰው በሥርዓት ይቆለፍበታል፣ ጅብ በቀዳዳው ገብቶ የከተማውን ጥራጊ ጠርጎ ይሄዳል። ሌሎቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እየተባባልን ስንወቃቀስ እነሱ ጅቡን በፕላኑ ውስጥ አስገብተውት አረፉ። የእነሱ በር አምስት፣ የእኔ ቁልፍ አምስት። ይህን አጋጣሚ ነው ለማለት ድፍረቱ የለኝም። የጅብ ቀዳዳውም ቢሆን ቤቴ አለው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ሹማምንቱን በየተራ ላስተዋውቅ። የመጀመሪያው ከቤቱ ጋር የተረከብነው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ አንድ ምሽት ደክሟቸው ፎቅ ሳይቆጥሩ ወጡና በራሳቸው ቁልፍ የእኛን በር ከፍተው ገቡ። ሶፋ ላይ ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ። ዜና ለመክፈት ሪሞት ሲፈልጉ ነው ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «እንደምን አመሹ ጋሼ» ያለቻቸው። እራት በልተው ሄዱ። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ቁልፍ በማግሥቱ ነቅሎ ይጥለው ነበር። እኛ ግን ሰው ከሰው ያገናኘ ቁልፍ ነው ብለን ባለበት ተውነው፤ ሌላ ጨመርን እንጂ።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከመርካቶ ነው ያመጣሁት። ባለሱቁ መጀመሪያ የጠየቀኝ «የጣሊያን፣ የቱርክ ወይስ የቻይና?» ብሎ ነው። የሚለያቸው ምንድነው ስለው አንዱን ሲሊንደር ባንኮኒው ላይ ፈታልኝ። እስከዚያ ቀን ቁልፍ ውስጥ ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም ነበር። የናስ በርሜል ነው። በርሜሉ ላይ አምስት ጉድጓድ በረድፍ ተቆፍሯል፤ በየጉድጓዱ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ዘንግ ለሁለት ተቆርጣ ቆማለች፣ በላይዋ ደግሞ ፀጉር የምታህል ሞላ ትጫናታለች። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዷን ዘንግ በልኳ ያነሡና የተቆረጡበት ቦታ ሁሉ በአንድ መስመር ይሰለፋል፤ ያኔ በርሜሉ ይዞራል። አንዷ ዘንግ በፀጉር ስፋት ብትዘገይ አይዞርም። የጥንት ግብፆች በእንጨት ይሠሩት የነበረ ዘዴ ነው፤ አሜሪካዊው ታናሹ ሊነስ ዬል በ1860ዎቹ፣ በፈረንጆቹ፣ አሳንሶ ኪስ በሚገባ ቁልፍ እንዲከፈት አደረገው። የፈርዖኖች ጥበብ ጓዳዬን ሊጠብቅ ነው ብዬ ስደነቅ ሞላዋ ተስፈንጥራ ከነዘንጓ ከባንኮኒው ሥር ገባች። ከባለሱቁ ጋር በስልክ መብራት ተንበርክከን ሃያ ደቂቃ ፈለግን፤ የለችም። ባለ አምስት የነበረው ባለ አራት ስለሆነ በቅናሽ ሸጠልኝ። ሦስተኛው ቁልፌ እሱ ነው። ሙሉ ጤነኛ ከሆነው ሁለተኛው ይልቅ በቀላሉ ይከፈታል፤ ስለዚህ የምወደው እሱን ነው።

አራተኛው ከውጭ ባስበየድኩት የብረት ፍርግርግ ላይ የሚንጠለጠል ጓጉንቸር፣ አምስተኛው ከውስጥ የሚገፋ መወርወሪያ ነው። ስለ እነሱ ብዙ የሚባል የለም። ጓጉንቸሩ ክረምት ክረምት ይዝጋል።

እጀታውን የመረጠችው ባለቤቴ ናት። ከውስጥ ወደ ታች የሚጫኑት ረዥሙ፣ ከውጭ ድቡልቡሉ፣ ሁለቱም ወርቅማ። የውጩ አይዞርም። ለመዞር አልተሠራም፤ እንዲሁ የተተከለ ነው። እንግዳ ሁሉ ይይዘዋል፣ ወደ ግራ ያዞረዋል፣ ወደ ቀኝ ያዞረዋል፣ ተስፋ ቆርጦ ያንኳኳል። ካናዳ ውስጥ ቫንኩቨር የምትባል ከተማ በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ በሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ድቡልቡል እጀታ እንዳይገጠም በደንብ ከልክላለች፤ ለአረጋውያንና እጃቸው ለሚያማቸው ሰዎች አስቸጋሪ ነው ብላ። የሚዞረው እጀታ አስቸጋሪ እንደሆነ እኔም አምናለሁ። የማይዞረው ግን ማንንም ከማንም አይለይም፤ ሽማግሌውም ጎረምሳውም እኩል ነው የማይዞርላቸው።

ወርቁ በሁለት ወሩ ተልጦ ግራጫ ብረት ወጣው። ንጹሕ ናስ ቢሆን ኖሮ ሌላ ጥቅም ነበረው፤ በውስጡ ያለው መዳብ ሰው ነክቶት የተወውን ጀርም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። የእኛው ግን ማንንም አይገድልም፣ ሰላማዊ ነው። ረዥሙ ደግሞ ልዩ ጠባይ አለው። ስቸኩል የኮቴን ኪስ፣ ባለቤቴ ስትወጣ የነጠላዋን ጫፍ ለቀም አድርጎ ይይዛል። ከዚህ ቤት ስንወጣ «ቆዩ እንጂ» የሚለን እሱ ብቻ ነው። ብሎኑ ስለላላ አንዳንዴ እጄ ላይ ይቀራል፤ በካቻቪቴ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ደብረ ዳሞ በር ላይ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። እዚያ እጀታው 15 ሜትር ያህል ገደል ላይ የተንጠለጠለ ጠፍር ነው፤ ወጪው ካልተንሸራተተ አይላላም።

ወደ ዋናው ማስረጃዬ ልለፍ። አምና ከአንድ ሠርግ መልስ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ባለቤቴ እኔን እየጠበቀች ፍርግርጉን አልቆለፈችም፣ መወርወሪያውን አልገፋችም፣ አንዱንም ቁልፍ አላዞረችም። በሩን ገፋ አድርጋ ዘግታ፣ ሁለተኛው ቁልፍ ላይ ከውስጥ ቁልፏን ሰክታ ተኛች። እንዲህ ያለው ሲሊንደር ግራና ቀኝ ቀዳዳ ቢኖረውም በመካከል ያለችው ዘዋሪ አንዲት ናት። ከውስጥ ቁልፍ ከተሰካባት የውስጡን ይዛ ትቀራለች፤ የውጩ እስከ መጨረሻው አይገባም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ደወሉ አይሠራም። ስልኳ ድምፁ ጠፍቷል። በሩን ስመታ ከባለቤቴ በቀር ሕንፃው በሙሉ ነቃ።

ሁኔታውን በጥንቃቄ ተመልከቱት። አምስት ቁልፍ አለ። አንዱም አልተቆለፈም። እኔም አልገባሁም።

ፊት ለፊት ያሉት እትዬ ጋቢና በርጩማ ይዘው ወጡ። «እንግዲህ ተቀመጥ፣ ልጆቹን አታስደንግጥ» አሉኝ። ጋሼም ከሦስተኛ ፎቅ በፒጃማ ወጥተው የራሳቸውን ቁልፍ ሞከሩ፤ የመጀመሪያው ቁልፍ እንደ ወትሮው በታማኝነት ዞረ፣ በሩ ግን በሁለተኛው ተይዟል። ከሰል ተያያዘ። በ11 ዓመት ያላወቅኩትን የሕንፃውን ጉዳይ ሁሉ በሦስት ስኒ አወቅሁ። በረካው ላይ የእትዬ ልጅ «ቁልፍ እንቀርጻለን» ከሚለው ኪዮስክ አንድ ጎረምሳ አመጣ። ጎረምሳው በሩን አላየም፤ ደረጃው ላይ የወደቀ ሃይላንድ አነሣ። ከጎኑ መዳፍ የምታህል ፕላስቲክ ቆረጠ፣ በመቃኑና በበሩ መካከል ሰደዳት፣ ሁለቴ ወዘወዛት። ጋሼ ሰዓት ይዘው ነበር፤ 12 ሰከንድ። 500 ብር ተቀበለና ወደ በሩ ዞሮ «ጥሩ ቁልፍ ነው ያሉት» አለኝ።

የባለቤቴ አጎት ይህን ሰምተው ሊያሸንፉኝ ሞከሩ። እኔም የብራማህን ታሪክ ነገርኳቸው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማህ በ1790 የሠራውን ጓጉንቸር ለንደን ፒካዲሊ በሚገኘው ሱቁ መስኮት ላይ ሰቅሎ፣ መክፈት ለሚችል 200 ጊኒ እሰጣለሁ አለ። ከ60 ዓመት በላይ የከፈተው የለም። በ1851 ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ ለታላቁ ኤግዚቢሽን ለንደን መጣና 16 ቀን እየተመላለሰ፣ 51 ሰዓት ያህል ደክሞ ከፈተው። «ታዲያ ያ ነው ቁልፍ!» አሉ አጎትየው። ነው፤ ግን በር ላይ አልነበረም። መስኮት ላይ የተሰቀለ፣ ከኋላው ቤት የሌለው፣ ማንም ውጭ ያልቀረበት ጓጉንቸር ነው። በ60 ዓመት ውስጥ አንድም ጎረቤት አላስተዋወቀም፣ አንድም ቡና አላስፈላም። የእኔ በአንድ ሌሊት አቦል፣ ቶና፣ በረካ አስፈልቷል።

የጅብ ቀዳዳውን ቃል ገብቼ ነበር። ከዚያ ሌሊት በኋላ የአምስቱንም መለዋወጫ አስቀርጬ ምድር ቤት ላለው ባለሱቅ በአደራ ሰጠሁ። መወርወሪያው ቁልፍ እንደሌለው ቀራጩ ቢነግረኝም ቁጥሩ እንዳይጎድል አንድ አስቀረጽኩለት። ለአደራ ሰው ሲመረጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በትርፍ ጊዜው ቁልፍ መሥራት የሚወድ ሰው ነበር። ሙያውን ያሳየው ቁልፍ ሠሪ በ1792 ንጉሡ ግድግዳ ውስጥ ያሠራውን የምሥጢር የብረት ቁም ሣጥን ለመንግሥት ጠቆመበት፤ ወረቀቱ ተገኘ፣ በጥር 1793 አንገቱ ተቀላ። ቁልፉ ራሱ እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከዳ የተባለው ሰው ነው።

የእኛ ባለሱቅ ግን የታመነ ነው። ቁልፎቼን ከጨውና ከክብሪቱ መካከል ሚስማር ላይ ሰቅሎልኛል፤ እንዳይቀላቀልበት የቤት ቁጥሬን፣ ስሜንና «ቀን ቀን ሰው የለም» የሚል በማርከር ጽፎ አንጠልጥሎበታል። የሌሎቹም እዚያው ናቸው። ሕንፃው በሙሉ ከዚያች ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ቅሬታ ያለው በእኔ ላይ ብቻ ነው። ሰሞኑን ዳቦ ልገዛ ስገባ «ያንተ ከበደ እኮ፤ ሚስማሩን ነቅሎ ወደቀ» አለኝ። ወፈር ያለ ሚስማር እንዳመጣለት ተስማምተናል። ቅዳሜ መርካቶ እሄዳለሁ፤ እግረ መንገዴን ስድስተኛውን አየት አደርጋለሁ።