ሁለት መቁጠሪያ

ሁለት መቁጠሪያ አለኝ። አንዱን የክርስትና እናቴ የመጀመሪያ ቁርባን በተቀበልኩ ቀን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ፤ የእንጨት ነው፣ 59 ፍሬ። ሌላው ለጋብቻ ስንዘጋጅ በትምህርቱ ላይ ታደለን፤ የወረቀት ነው። ባል የትኛው ቀን ባል እንደሆነ፣ የትኛው ቀን ደግሞ ወንድም እንደሆነ በቀለም ለይቶ ያሳያል።

በእንጨቱ ተሳስቼ አላውቅም። የወረቀቱ ግን የፈረንጅ ወር ሆነና 31፣ 30፣ 28 ይላል። እኔ አዳማ ተወልጄ አዳማ የምኖር፣ ደሞዜን በመስከረምና በጥቅምት የምቆጥር ሰው ነኝ፤ ጳጉሜ ስትመጣ አምስቷን ቀን የት ልክተታት? ተውኳት። ሦስተኛዋ ልጄ ግንቦት መጨረሻ ላይ ተወለደች። «ጳጉሜ እንበላት» ብል ባለቤቴ እምቢ አለ።

ከቤተክርስቲያን ጋር ሰላምታ ሳናቋርጥ የተኳረፍነው ያኔ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ «እማማ፣ ይሄ ነገር አልተዋጠልኝም» አልኳቸው የክርስትና እናቴን።

«ክኒኑ ነው ትምህርቱ?»

«ክኒኑማ በውኃ ይወርዳል።»

«ጳውሎስ 6ኛ የወሰኑትን አንቺ ልትሽሪ?»

ነገሩ የተወሰነው እማማ ወጣት ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1968 ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ «ሁማኔ ቪቴ» የሚባለውን መልእክት ጻፉና የወሊድ መከላከያውን ክኒን ከልክለው ቀን መቁጠሩን ፈቀዱ። ጉዳዩን እንዲያጠና ተሰብስቦ የነበረው ኮሚሽን ግን አብዛኛው አባል ይፈቀድ ባይ ነበር። ይህን ስነግራቸው እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ሃይማኖት በእጅ ብልጫ አይወሰንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ላይሰሙት ለምን ሰበሰቡት? የሰፈራችን እድርም እንዲሁ ነው፤ መዋጮው ከተጨመረ በኋላ «ሐሳብ ያለው» ይላል።

እኔ እንዳልዋሽ የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። እሁድ ከፊቴ ወንበር ተንበርክካ ያየኋት ሴት ሰኞ ጠዋት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ትመጣለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያቺን... የሦስት ወሯን መርፌ።» «ለማን ነው?» «ለጎረቤቴ።» ማክሰኞ ሌላዋ ትመጣለች፤ እሷም ለጎረቤቷ። የአዳማ ካቶሊክ ለጎረቤቱ ማኅፀን እንዲህ የሚጨነቅ መሆኑን እኔ ባልሠራ ኖሮ ማን ያውቅለት ነበር?

እስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ከነዚሁ አንዷ ከደጅ ተመለሰችና ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ «መቁረብ እችላለሁ?» አለችኝ። እኔን! ከኋላዬ ተደርድሮ የሚታየው ፓራሲታሞል ነው። መልስ አልነበረኝም። የገንዘቧን መልስ ብቻ ሰጠኋት።

አለመስማማቴን ካቴኪስታችን የሰሙ ቀን ተቆጡ። «ሃይማኖትን በያይነቱ አደረግሽው እንዴ? የሚጥምሽን እየመረጥሽ!» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በያይነቱ እኮ ሁሉም ተዘርግቶ ነው የሚቀርበው። ምስሩን ጠርጌ በልቼ ቀይ ሥሩን ስተወው ከማዕድ ተነሺ ያለኝ አስተናጋጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።»

«የቤተክርስቲያን ትምህርት አይለወጥም!»

«ወለድስ?»

ዝም አሉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1745 በወለድ ማበደርን የሚያወግዝ መልእክት ጽፈው ነበር፤ ቫቲካን በ1942 የራሱን ባንክ አቋቋመ። ካቴኪስታችን ደግሞ ባንክ የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው፣ ወለዱንም አይመልሱም። ጥቂት አሰቡና «ያ አልተለወጠም፤ ተብራራ እንጂ» አሉ። በጣም ደስ አለኝ። «እንግዲያው እኔም አልተቃወምኩም ጋሼ፤ ማብራሪያ እየጠበቅኩ ነው።»

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሮም የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ቡራኬ በተመለከተ ሰነድ ስታወጣ የአፍሪካ ጳጳሳት ወር ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 2024፣ እኛ ዘንድ አይሆንም ብለው በይፋ ጻፉ። በመድረክ ተነበበ፣ ተጨበጨበ። ስለ ሰነዱ አይደለም የማወራው፤ ስለ ጭብጨባው ነው። ጳጳስ ሲቃወም የእረኝነት ጥበብ፣ በግ ስትቃወም ድፍረት!

ጎረቤት ሲሰማ ደግሞ ሌላ ነው። ፔንጤዋ ጓደኛዬ «ካልተስማማሽ ውጪና ወደ እኛ ነይ» ትለኛለች። እናንተ ዘንድ የተጣላ ሁሉ አዲስ ቸርች ይከፍታል፣ እኛ ዘንድ የተጣላ አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ይኮራረፋል፤ የቤት ኪራዩን አስቢው እንጂ፣ አልኳት። ኦርቶዶክሷ ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የተመረጡ ዕለት ቡናውን ሳትጨርስ መጣች። «ከስም ሁሉ ልዮን! የኬልቄዶኑን ልዮን ረስታችሁ ነው?» በ451 የሆነውን ትላንት እንደሆነ ነው የምታወራው። «ልዮን ማለት አንበሳ ነው እትዬ፤ በዚህ አገር አንበሳ ሲሰደብ ደግሞ ሰምቼ አላውቅም» አልኳት። ሦስተኛውን ቡና ጠጣችና ሄደች። በረካ ሳይጠጣ አይወጣም፣ ጉባኤም ቢሆን።

«ለመሆኑ ከሮም ጋር ተከራክሮ የረታ ማን አለ?» አሉኝ እማማ በሌላ እሁድ።

«እኛ አለን» አልኳቸው።

ይቺን ቀስ ብዬ ነው የነገርኳቸው። ሚስዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ሲመጣ ቋንቋ ተምሮ፣ ሰው ለምዶ፣ ነገሩን አለሳልሶ አፄ ሱስንዮስን አሳመነ። በ1622 ሞተ። በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ተብሎ ገባ፤ እሱ ደግሞ መለሳለስ የማያውቅ ሰው ነው። ንጉሡ በ1626 በይፋ ለሮም መታዘዛቸውን ማሉ፤ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ቄሱ እንደገና ይካን፣ አጽዋማቱና በዓላቱ በሮም አቆጣጠር ይሁኑ ተባለ። አገር ተነሣ። ስንት ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ በ1632 ሃይማኖት ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ።

«ያኔ እምቢ ያሉት መናፍቃን ተባሉ፤ አይደል እማማ? ዛሬ እኛ ካቶሊኮቹ ገናን መቼ ነው የምናከብረው?»

«ታኅሣሥ 29።»

«ፋሲካስ?»

«ከአገሩ ጋር።»

«ቫቲካን ግቢ ውስጥስ በፈረንጅ ከ1919 ጀምሮ ያለው ኮሌጅ የማን ነው?»

«የእኛው። የኢትዮጵያ።» አሉና ነቁ። «ቆይ፣ ያኔ እምቢ ያሉት እኮ ካቶሊኮች አይደሉም!»

«አይደሉም። ለዚህ ነው ሮም እስክትሰማቸው 300 ዓመት ግድም የፈጀው። እኔ ከውስጥ ሆኜ ብናገር ይፈጥናል ብዬ ነው።»

እማማ ሳቁ። ግን የሳቸው ተረብ ከኔ ይበልጣል፤ ዕድሜ አስሎታል። «አንቺስ ቤተክርስቲያንን ትለውጪያለሽ፤ ግን ስታወሪ እንጂ ስትጸልዪ አላየሁሽም። ጸሎት ከተውሽ ክርክርሽን ከማን ጋር ልታደርጊው ነው?» አሉኝ። እዚህ ላይ ተረታሁ። አንድ ነገር አልቀበልም ስል ጀምሬ ሌላውንም መጠርጠር እንደመጣብኝ፣ ሌሊት «ይሄስ እውነት ባይሆን?» እያልኩ እንደምገላበጥ ለማንም አልነገርኩም ነበር።

መቁጠሪያዬ የተበጠሰው በዚያ ሰሞን ነው። ከፍራንኮ ሰፈር ወደ ቤት በባጃጅ ስመለስ ክሩ ተበጠሰና ፍሬው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሹፌሩ ጥግ ይዞ ቆመ፤ ጥቁር ሙስባሃ መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አብሮኝ ጎንበስ አለ። ከወንበሩ ሥር፣ ከፔዳሉ ሥር ለቀምን፣ ቆጠርን፤ 57። አንዷ ወደ አስፋልቱ ስትንከባለል አይቻለሁ፤ ሌላዋን እንጃ።

«ሁለት ጎደለሽ? የእኛ 99 ነው፤ ከዚያ ልቁረጥልሽ?» አለኝ ልጁ። ሂሳቡንም አልቀበልም አለ። «ሳትደርሺ የበጠስኩብሽ እኔ ነኝ፤ ጉድጓዱን አላየሁትም።»

57ቱን በጥርስ ክር ሰካኋቸው። ከዚያ ወዲህ ከአምስቱ ምሥጢር አንዱን የምደግመው በስምንት ነው። እመቤታችን እስካሁን ቆጥራ አልጠየቀችኝም።

ከተማችን ናዝሬት በምትባልበት ዘመን ያደግን ሰዎች ስለሆንን አንድ ነገር እናውቃለን። በናዝሬት ላይ የመጀመሪያውን ተረብ የወረወረው ናትናኤል ነው፤ ከዚያ መንደር ደግሞ ምን ቁም ነገር ይገኛል ያለው። ፊልጶስ ክርክር አልገጠመውም፤ ይዞት ሄደ። ጌታም ሲያየው አልገሠጸውም፤ ተንኮል የሌለበት ብሎ አመሰገነው እንጂ። ካቴኪስታችን በቦታው ቢኖሩ ኖሮ «በያይነቱ አደረግኸው እንዴ?» ይሉት ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በአገሪቱ ያለን ካቶሊኮች 0.7 ከመቶ ነበርን። ከመቶ ሰው አንድ ሙሉ አንወጣም። ከዚህ ላይ እኔን የሚቀንስ ካለ ስሌቱን አሳምሮ ይሥራ።

ባለፈው ዓርብ ለኑዛዜ ገባሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ።

«አባ፣ መርፌውን ተወግቻለሁ።»

«ትጸጸቻለሽ?»

«በዚህኛውስ አልጸጸትም።»

ዝምታ ሆነ። ወንፊቱ ማዶ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«እንግዲያው ለምን ነገርሽኝ?»

«ደብቄ ብገባ ለጎረቤቴ ነው ማለቴ አይደል?»

አባ ሳል አስመስለው ሳቁ። ደግመው ዝም አሉ፤ ይቆጡኛል ብዬ ጉልበቴን ሰበሰብኩ።

«ይሄኛው ገና ብዙ ያነጋግረናል፤ ሌላ ቀን ቡና አፍልተሽ ጥሪኝ» አሉኝ። «እስከዚያ በምንስማማባቸው ኃጢአቶችሽ እንጀምር።»

ጀመርኩ። ከኋላዬ ከተሰለፉት አንዷ ሰዓቷን ማየት የጀመረችው አራተኛው ላይ ስደርስ ነው።