ባህት የሚያውቅ ኤክሴል

ሐዋሳ መሃል ከተማ፣ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ 11,111 ብርን በፊደል ጻፍልኝ ብትለው ኤክሴል አቃተው።

ስንፍና አይባልም። ባህትቴክስት የሚባል አብሮት የተወለደ ቀመር አለው፤ ቁጥሩን አሳምሮ በቃላት ይዘረዝራል፤ በታይኛ! መጨረሻውንም በታይላንድ ገንዘብ «ባህት» ብሎ ይዘጋል። ሐዋሳ የተቆጠረ ብር ባንኮክ ላይ ይነበባል ማለት ነው።

ጎረቤት ቢሮ ያለ ወጣት በራሱ እጅ ፕሮግራም ሠራላት። የእሱ ደግሞ «አስር አንድ ሺህ» አለ። «አስራ» የምትለዋን ማን ይንገረው? 20 ሲሰጡትማ «ሁለት አስር» ብሎ አረፈው።

ሲዳምኛ ይጨመር ቢባል (የሲዳማ ክልል ቋንቋ ነውና ይገባዋል) 2 «ላሜ»፣ 7 «ላማላ» ነው። ሁለቱን እንዳያምታታ ፕሮግራሙ እዚያ ባይደርስ ይሻላል።

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አነሣች። «አስራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አስራ አንድ ብር ብቻ።» ከ«ብቻ» በኋላ ያለውን ባዶ ቦታ በሁለት መስመር ዘጋችው።