የአንድ ሌሊት ጀግና

የማሲንቆ አውታር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ። የአዝማሪው ዓይን ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ዜማውን፣ ሌላው ኪስዎን ይጠብቃል።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከ20 ሰው በላይ በማይይዝ አዝማሪ ቤት የጠጅ ብርሌዬን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ። መደበቂያ መስሎኝ! አዝማሪው ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት (ጥፋቱ የኔ ነው)። በመጀመሪያው ስንኝ አንበሳ ገዳይ ሆንኩ፤ በሁለተኛው የጎንደር ባላባት። ጎንደርን የማውቃት በካርታ ነው። ቢሆንም 100 ብር ወዛም ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት። ጀግንነቴ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየ።

ከዚያ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ተቀበል!» አለና ስለ ራሰ በራዬ ግጥም ሰጠው። አዝማሪውም አንዲት ቃል ሳይጥል ተቀበለ። ቤቱ በሳቅ አውካካ፤ እስክስታ የምትወርደው ልጅ እንኳ ትከሻዋን አቁማ ሳቀች። ጸጉሬን በግጥም ለማስመለስ ሌላ 100 ብር አወጣሁ። ሰውዬው 200 ጨመረ። ጨረታው ቀጠለ። ሰምና ወርቅ የሚሉት ይኼ ከሆነ፣ ወርቁ ማን ጋ እንደገባ ግልጽ ነው።

የታክሲዬም ብር አብሮ ተለጥፎ ነበርና ባላባቱ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።