ስብርባሪው ይመለስ

መድረክ ጀርባ የሚሠራ ሰው ስም የለውም። «መብራት!»፣ «ድምፅ!»፣ «መጋረጃ!» ሲሉህ አቤት ማለት ነው። አዘጋጁ «መብራት የት ሄደ?» ብሎ ሲጮህ፣ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ይሁን ልጁ ማኪያቶ ሊጠጣ ወጥቶ፣ ቀና ብለህ ጣሪያውን ካላየህ አታውቅም። ይሄስ ይሁን፣ ለምደነዋል። የማይለመደው ሌላ ነው።

ይሄን ሁሉ ሕዝብ የያዘችው አዲስ አበባ ያሏት ቲያትር ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ አሉ፤ ኋላ የመጡት ተደምረውም ወረፋው አያልቅም። ስለዚህ አንድ ተውኔት በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ይደርሰዋል። በማግስቱ መድረኩ የሌላ ነው። ተመልካች ምን ቸገረው! እኛ ግን ያንኑ ሳሎን በየሳምንቱ እንተክላለን፣ እንነቅላለን። ያው ሶፋ፣ ያው ቡፌ፣ ያው የሟች አባት ፎቶ። ለንደን ላይ የአጋታ ክሪስቲ ተውኔት «ዘ ማውስትራፕ» እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የሚታየው ሴንት ማርቲንስ በሚባል አንድ ቤት ነው። ሶፋቸውን ማታ እዚያው ትተው የሚሄዱ ባልደረቦች አሉን ማለት ነው። ቅናት ኃጢአት ቢሆንም እቀናለሁ።

ተውኔት ብቻ ቢሆን እኮ ደግ ነበር። ስብሰባ አለ፣ የመጽሐፍ ምረቃ አለ። አዳራሹን እስከ 6 ሰዓት የተከራየ መሥሪያ ቤት 9 ሰዓት ተኩል ላይም «ከቤቱ ጥያቄ ካለ» እያለ ነው። የእኛ ትርኢት 11 ሰዓት ተኩል! ከጎን ቆመን በዓይናችን ብንለምን ሰብሳቢው «የመድረክ ሠራተኞች ትንሽ ታገሡን» ብሎ ለአንድ አስተያየት ሰጪ ዕድል ይጨምራል። ሲወጡ ደግሞ ባነራቸውን የለጠፉት ቀለም በቀባነው ግድግዳችን ላይ ሆኖ ይገኛል፤ ፕላስተሩ ሲነሳ ቀለሙን ይዞት ይነሳል።

የሳህኑ ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል። በአንዱ ተውኔት ላይ ባልየው ተናዶ ሳህን ይሰብራል። ደራሲው ያዘዘው ነው፣ በየትርኢቱ ይሰበራል። የንብረት ክፍሏ እትዬ ደግሞ የሚያውቁት የዕቃ ማውጫ ቅጹን፣ ሞዴል 22ን ነው። ፈርመህ ያወጣኸው ሳህን ገቢ ካልሆነ ሌላ አይወጣም።

«እትዬ፣ ተሰበረ እኮ።»

«ማን ሰበረው?»

«ባልየው።»

«እሱ መጥቶ ይፈርማላ!»

በመጨረሻ ስብርባሪው ይመለስ ተባለ። በእሳቸው አልፈርድም፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ግን ተመልካች ሲያጨበጭብ እኛ ሶፋ ሥር ተንበርክከን ሸክላ ስንለቅም፣ ፌስታሉን ስናስረክብ፣ «ይሄ ሙሉ ሳህን ይወጣዋል?» ስንባል! አዲስ ሳህን እንዳይገዛ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ደርዘን ሳህን ፕሮፎርማ የሚጽፍ ሱቅ ደግሞ የለም። አሁን ከየቤታችን እያመጣን ነው። ሚስቶቻችን ጠርጥረዋል።

በዚህ ሁሉ ላይ ስህተት ሁሉ የእኛ ነው። ተዋናዩ ገጽ ተኩል ቃለ ተውኔት ይዘልላል፤ ዘልሎም ያልጮኸ ስልክ አንስቶ «ሃሎ» ይላል። ድምፅ ክፍል ያለው ልጅ ደንግጦ ቁልፉን ሲጫን ስልኩ ሰውየው ጆሮ ላይ እያለ ያንቃጭላል። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ማታ ግምገማ ላይ «ድምፅ ምን ነክቷችኋል?» ይባላል። ስለተዘለለው ገጽ የሚያነሳ የለም፤ ተዋናዩ ስመ ጥር ነዋ! የመድረክ ሻይን ነገርማ አላነሳውም። ውስኪ ተብሎ በጠርሙስ የተቀዳውን ሻይ ትዕይንቱ ሳይደርስ ማን እንደሚጨልጠው ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አንናገርም።

መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ተመልካች ከተዋናዮቹ ጋር ፎቶ ሊነሳ ይወጣል። የሚቀመጠው እኛ ልናነሳው በቆምንበት ሶፋ ላይ ነው። «አንዴ ብቻ!» ይላሉ፤ አንዴ ብቻ ያለ ሁሉ ተራ በተራ ይነሳል። ጨርሰን ስንወጣ 3 ሰዓት ተኩል አልፏል፣ ታክሲው ታሪፉን ረስቷል። የትርፍ ሰዓት ጠይቀን ነበር። በበጀት አልተያዘም አሉን፤ ለሚቀጥለው ዓመት በደብዳቤ ጠይቁ፣ ደብዳቤው ላይም የሥራ መደባችሁን ግለጹ ተባልን። የመብራቱ ልጅ «መብራት» ብሎ ጽፎ ፈርሟል።